ውሻው መድኃኒት በላ

ጭድ ተራ «ውሻው መድኃኒት በላ» ከተባለ «የምን መድኃኒት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ስንት ፍሬ?» የሚልም የለም። የሚከተሉት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ «ማን ጣለው?» እና «ወተት ሰጣችሁት?»። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው መርካቶ ስለሆነ አነጋገሩ የተለየ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ውጭ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውላ «ውሻዬ መድኃኒት በልቶብኝ እንዴት እንደደነገጥኩ!» ስትለኝ «እግዜር ያጽናሽ» ልላት ትንሽ ነው የቀረኝ። እሷ ግን የምታወራው ስለራሷ የደም ግፊት ኪኒን ነው። ውሻው ከነማሸጊያው አኝኮታል፤ ይዛው ወደ ሐኪም ሮጣለች፤ አሁን ሶፋ ላይ ተጋድሟል።

ሁለታችንም የያዝነው ቃል አንድ ነው። እሷ ጋ ኪኒን ማለት ነው፤ እኔ ጋ ሞት። ይህ ልዩነት ከየት መጣ ብዬ ማንበብና ትልልቅ ሰዎችን መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

«መድኃኒት» ሥሩ ግእዙ «ድኅነ» ነው፤ ዳነ፣ ተረፈ ማለት። መድኃኔዓለም ስንል ዓለምን ያዳነ ማለታችን ነው። ይኸው ቃል ሱቅ ሲገባ ግን የአይጥ መድኃኒት፣ የትኋን መድኃኒት፣ የበረሮ መድኃኒት ይሆናል፤ አይጧ ከምንም አትድንበትም። «መድኃኒት አበላችው» ከተባለም ሰውየው ፋርማሲ እንዳልሄደ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ይህ የአማርኛ ጉድለት አይደለም። የጥንት ግሪኮች «ፋርማኮን» የሚሉት ቃል ለሚያድነውም ለሚገድለውም ያገለግል ነበር፤ ዛሬ ፋርማሲ የምንለው ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። አንድን ነገር አዳኝ ወይም ገዳይ የሚያደርገው መጠኑና የሰጪው ሐሳብ እንደሆነ የድሮ ሰዎች ያውቁ ነበር። በአዲስ አበባ ግን ነገሩ ውሻ ላይ ሲደርስ ቃሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ አጋደለ።

መጀመሪያ ስለ ሰፈሩ ትንሽ። የዛሬው መርካቶ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተተከለ ነው። ከዚያ በፊት ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያኖቹ ነጩንና ጥቁሩን ለይተው ለማኖር ሲያቅዱ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት፤ «አዲስ ከተማ» የሚለው ስምም የመጣው ከዚያ ነው። ገበያው በሸቀጥ ተከፋፍሎ ተራ ተራ ሆነ። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ እያለ ይቀጥላል። ጭድ ከጭቃ ቤት ጋር የኖረ ሸቀጥ ነው፤ ጭቃው ሲቦካ ጭድ ካልገባበት ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ለከብት መኖም ይሄዳል። ከተማው ፊቱን ወደ ብሎኬትና መስታወት ሲያዞር ጭዱ ገለል አለ፣ ስሙ ቀረ።

ውሻም እዚህ ሰፈር የሚኖርበት ምክንያት አለው። መርካቶ ሲመሽ ሱቁ ይዘጋል፣ ሸማቹ ይሄዳል፣ ዕቃው ግን እዚያው ያድራል። ዕቃ ባለበት ዘበኛ አለ፤ ዘበኛ ባለበት ውሻ አለ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ? የመርካቶ ውሻ የሚበላው ከአንድ ቤት አይደለም፤ ከምግብ ቤቱ ትራፊ፣ ከዘበኛው አገልግል፣ ከቆሻሻ ገንዳው ነው። ስለዚህ ለሁሉም ይጮኻል። ባለቤቱ ማነው ብትሉ መልሱ «የግቢው ነው» ይሆናል። ይህ «የግቢው ነው» የሚል መልስ በኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

ከተማው ውሻን የፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚመለስ ነገር አይደለም ማለት ይቻላል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ በሽታው የኢትዮጵያ ታሪክ ሰፋ ያለ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ክረምት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1903 መሆኑ ነው፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ትልቅ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው፤ ከተማዋ ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። ያኔ የተነከሰ ሰው የሚሄደው ወደ ጸበልና ወደ ባሕል ሐኪም ነው። ከሚሰጡት ዕፆች አንዱ እንዶድ ነበር፤ ያው ልብስ የሚታጠብበት እንዶድ። የሚጠጣው ሰው አንጀቱ እስኪገለበጥ ያስታውከዋል፤ «በሽታው ወጣለት» ይባላል።

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሕፃን የሰጠው እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1885 ነው። እኛ ጋ ክትባቱ በተቋም ደረጃ የተያዘው በ1950ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ነው። ተቋሙ ከዚያ ወዲህ ስሙን ብዙ ጊዜ ቀይሯል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። የአዲስ አበባ ሰው ግን አሁንም «ፓስተር» ነው የሚለው። ከመርካቶ ሩቅ አይደለም፤ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል አቅጣጫ ነው። «ፓስተር ሄደ» ከተባለ ልጁ በውሻ ተነክሷል ማለት ነው። እዚያ ለአሥርት ዓመታት ሲዘጋጅ የኖረው ፌርሚ የሚባለው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር፤ ለ14 ተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ ይወጉት ነበር። እናቶቻችን «ውሻውን እንዳትነካው፣ 14 መርፌ ይጠብቅሃል» ሲሉን የነበረው ዝም ብሎ ማስፈራሪያ አልነበረም።

እንግዲህ ከተማው ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ ውሾቹን መከተብ ነው፤ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ውሻ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ሌላው ውሾቹን መቀነስ ነው። ለመቀነስ የተመረጠው ነገር ስትሪክኒን ይባላል፤ የራሱ የሆነ ጉደኛ ታሪክ አለው።

ስትሪክኒን እስያ ውስጥ ከሚበቅሉ ዛፎች ዘር የሚወጣ መራራ ነጭ ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ1809 ማዠንዲ የተባለ ወጣት የፈረንሳይ ሐኪም ከባልደረባው ጋር ሆኖ የዚህን ዛፍ ዘመድ መርዝ ውሾች ላይ ሞከረ። አንድ መርዝ የትኛውን የሰውነት ክፍል ለይቶ እንደሚመታ በሙከራ ከታየባቸው የመጀመሪያ ሥራዎች መካከል ይቆጠራል፤ የሚመታውም ሕብለ ሰረሰርን መሆኑን አሳየ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ1818፣ ፔለቲዬና ካቫንቱ የሚባሉ ሁለት የፓሪስ መድኃኒት ቀማሚዎች ንጥረ ነገሩን ነጥለው አወጡት። እነዚሁ ሁለት ሰዎች በ1820 ከሌላ ዛፍ ልጣጭ ኪኒን አወጡ፤ አዎ፣ የወባውን ኪኒን። ዛሬ ማንኛውንም ፍሬ መድኃኒት «ኪኒን» የምንለው ከዚያ የወረስነው ነው። በሁለት ዓመት ልዩነት፣ ከሁለት ሰዎች እጅ፣ አንዱ ለወባ ታማሚ፣ ሌላው ለውሻ።

ስትሪክኒንም ቢሆን በዘመኑ ለሰው በጥቂቱ እንደ ማበረታቻ ይሰጥ ነበር። የማራቶን አገር ልጆች ስለሆንን ይህችን ልጨምር፦ እ.ኤ.አ. በ1904 በሴንት ሉዊስ ኦሎምፒክ ማራቶኑን ያሸነፈው ቶማስ ሂክስ መንገድ ላይ ሲዝለፈለፍ ደጋፊዎቹ ስትሪክኒን በእንቁላል ነጭ፣ በኋላም ከብራንዲ ጋር አጠጡት። ውድድሩን ጨረሰ፣ ሜዳሊያውንም ወሰደ። ትንሽ ቢጨምሩለት ኖሮ በማራቶን ሳይሆን በሌላ ነበር የምናውቀው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጡንቻዎቻችን ሲሠሩ አንዱ ሲኮማተር ተቃራኒው ይላላል፤ ሕብለ ሰረሰራችን ውስጥ «በቃ፣ ልቀቅ» የሚል መልእክት አለ። ስትሪክኒን ይህን «በቃ» የሚለውን መልእክት ይዘጋዋል። የሚቀረው «ሥራ! ሥራ!» ብቻ ነው። እግር፣ ጀርባ፣ አንገት በአንድ ጊዜ ይገተራሉ፤ የደረት ጡንቻም ይገተርና ትንፋሽ ያጥራል። የሚከፋው ደግሞ፣ እንስሳው አእምሮውን አይስትም። ትንሽ ድምፅ፣ ትንሽ ንክኪ፣ ድንገተኛ ብርሃን በመጣ ቁጥር እንደገና ይገተራል። ምልክቱ ከበላ ከ10 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ የሚሞተውም ትንፋሽ አጥቶ ነው።

በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ባለቤት የሌለውን ውሻ ለመቀነስ ከተሠራባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ስትሪክኒን በሥጋ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት መንገድ ላይ መጣሉ ነው። (በዚያው ከተማ ቤተ መንግሥት ውስጥ የጃንሆይ ቺዋዋ ሉሉ በእንግዶች እግር መሐል እንደ ልቧ ስትመላለስ እንደነበር አስቡ። ውሻና ውሻ ይለያያል።) «ባለቤት የሌለው» የሚለው ቃል ላይ ቆም እንበል። የእኛ ከተማ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል። የተያዘው ለጥበቃ ነዋ፤ ሌባ ቀን አይመጣም። ሥጋው የሚጣለውም ሌሊት ነው። ስለዚህ ባለቤት ያለውም የሌለውም፣ የተከተበውም ያልተከተበውም፣ እኩል ሰዓት ላይ እኩል መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ጠዋት ላይ «የእኔው እኮ በስህተት ነው የበላው» የሚል ሰው በየሰፈሩ ነበር። ሥጋው ግን ስህተት አያውቅም። ጭድ ተራ ላይ ደግሞ «የግቢው ነው» የሚባል ውሻ በስህተት እንኳን አይሞትም፤ ማን ጠይቆ ማን ይመልሳል?

ሥጋውን የሚበላው ውሻ ብቻ አይደለም። የሞተውን ውሻ የሚበላ አለ። የአዲስ አበባ ጥንብ አንሶች ከቄራና ከቆሻሻ መጣያ ላይ የሚኖሩ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ጽዳት ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የወፍ ተመራማሪ በከተማዋ የሚካሄደው የጅምላ ውሻ መመረዝ ለጥንብ አንሶቹ ከባድ አደጋ መሆኑን በሙያ መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ ጥንቡ ለማን ይቀራል? ለውሻ። ውሻ ይበዛል። አዙሪቱን ለማየት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም።

ልጅ ሆኜ ያየሁትን ልናገር። የአንድ መጋዘን ዘበኛ ቡቺ የሚላት ቡናማ ውሻ ነበረችው። አንድ ማለዳ ከግቢው በር ላይ እግሮቿ እንደ ወንበር እግር ተገትረው ተገኘች። ማን ምን እንደጣለ አላወቅንም፤ እስካሁንም አይታወቅም። ሰው ተሰበሰበ። «ወተት!» አለ አንዱ። «እንቁላል ከዘይት ጋር!» አለ ሌላው። «ሎሚ ነው እንጂ!» አለች ጉልት የምትሸጠው እናት። መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ጡሩንባ በነፋ ቁጥር ቡቺ እንደ ቀስት ትለጠጣለች፤ በለጠጣት ቁጥር ሰዉ ይጮኻል፤ ሰዉ በጮኸ ቁጥር እንደገና ትለጠጣለች። ሁለት ሰዎች አፏን ፈልቅቀው አንድ ጣሳ ወተት አፈሰሱባት። ዘበኛው ጋቢውን ከላዩ አውልቆ አለበሳትና አጠገቧ ቁጭ አለ። ገበያው ሳይከፈት ሞተች።

ሰዎቹ ደግ ነበሩ፤ ማንም ሊጎዳት አልፈለገም። አሁን ሳነበው ግን በዚያ ማለዳ ከተደረገላት ሁሉ የሚጠቅማት የዘበኛው ጋቢና ዝምታ ብቻ ነበር። ስትሪክኒን የበላ ውሻ ጨለማ፣ ጸጥታና እጅ አለመብዛት ነው የሚፈልገው። ማርከሻ የለውም፤ ሐኪም ካገኘ የሚያደነዝዝ መድኃኒት እየተሰጠው፣ ትንፋሹ እየታገዘ፣ መርዙ ከሰውነቱ እስኪወጣ ይጠበቃል። በጊዜው ከተደረሰለት የሚተርፍ አለ።

ወተቱስ? «መርዝ ከሆነ ወተት» የሚለው ነገር አገራችን ብቻ ያለ አይደለም፤ በብዙ አገር አለ። ወተት የሚያቃጥልና የሚልጥ ነገር አፍና ጉሮሮ ላይ ሲነካ ያቀዘቅዛል፣ ያለሰልሳል፤ ከዚያ ተነሥቶ የመርዝ ሁሉ ማርከሻ ተባለ። ስትሪክኒንን አይዘውም። እንዲያውም ለሚንቀጠቀጥ ውሻ በግድ የሚፈስ ወተት ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው። ዘይቱም እንደዚሁ፤ እንቁላሉም እንደዚሁ።

የሚይዘው ነገር ከሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 ቱዌሪ የተባለ የፈረንሳይ መድኃኒት ቀማሚ በአካዳሚው ሐኪሞች ፊት ቆሞ ሰው ከሚገድለው መጠን አሥር እጥፍ ስትሪክኒን ከ15 ግራም ከሰል ጋር አብሮ ዋጠ ይባላል። ምንም አልሆነም። ከሰሉ መርዙን ሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ አድርጎታል። ያን ቀን ያጨበጨበለት ሰው ብዙ አልነበረም ይላሉ፤ ከሰል ግን ዛሬ በዓለም ላይ ባሉ የድንገተኛ ክፍሎች ውስጥ አለ። ይህን ስሰማ የሳቅሁት ለምን እንደሆነ የመርካቶ ልጅ ያውቀዋል፦ ወተት ፍለጋ የሚሮጠው ሰው በየጉልቱ የተደረደረውን ከሰል እያለፈ ነው። ግን አትሳሳቱ፤ የምድጃው ከሰል አይሆንም። የሕክምናው ከሰል በልዩ መንገድ ተዘጋጅቶ ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው፤ የሚሰጠውም እንስሳው መዋጥ ሲችል፣ በሐኪም እጅ ነው።

አሁን ዘመኑ ተቀይሯል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሶፋ ላይ የሚያድር ውሻ በዝቷል። የአክስቴ ልጅ አይነት «መድኃኒት በላ» እኛም ጋ መጥቷል። የሰው መድሐኒት ለውሻ አደገኛ የሚሆነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ክብደት ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የተለካ ፍሬ 10 ኪሎ ውሻ ሆድ ውስጥ ስድስት እጥፍ ነው። ሁለተኛው የውሻ ጉበት የሰው ጉበት አለመሆኑ ነው። ለራስ ምታት የምንውጠው አይቡፕሮፌንና ለወገብ የምንውጠው ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ከበዛም ኩላሊቱን ይጥሉታል። ፓራሲታሞል ሲበዛበት ጉበቱንና ደሙን ይመታል፤ ድዱ ወደ ቡናማነት ይለወጣል። (ድመት ላይ ደግሞ አንዲት ፍሬ ትበቃለች።)

ከሁሉም በላይ ለአገራችን ሰው መነገር ያለበት ግን አይሶኒያዚድ ነው፤ በተለምዶ «አይ ኤን ኤች» የሚባለው የቲቢ ኪኒን። መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1912 ፕራግ ውስጥ ለተማሪ መመረቂያ ሥራ ነበር፤ አርባ ዓመት መደርደሪያ ላይ ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ1952 ቲቢን እንደሚገድል ታወቀና የሚሊዮኖችን ሕይወት አተረፈ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከበዛባቸው ብሎ ከሚቆጥራቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ይህ ኪኒን በብዙ ቤት አለ፤ ለታመመው ብቻ ሳይሆን እንዳይታመም ለሚከላከለውም ይሰጣል። የሰው ጉበት አይሶኒያዚድን የሚያረክስበት መሣሪያ አለው። ውሻ ያ መሣሪያ በተፈጥሮው የለውም። ጥቂት ፍሬዎች መካከለኛ ውሻን ለማንቀጥቀጥና ለመግደል ይበቃሉ። ሩሲያ ውስጥ «ውሻ አዳኝ ነን» የሚሉ ሰዎች ይህንኑ አውቀው ቋሊማ ውስጥ እየደበቁ የመንገድ ውሾችን ገድለውበታል። ሰውን ለማዳን የተሠራ ኪኒን፣ እንደገና ሥጋ ውስጥ።

ግን ይኸኛው ማርከሻ አለው፤ ለዚያውም እዚያው ኪኒኑ አጠገብ። አይሶኒያዚድ የሚወስድ ሰው እጅና እግሩን እንዳይደነዝዘው አብሮ የሚታዘዝለት ቫይታሚን ቢ6 ነው፤ ውሻውን የሚያንቀጠቅጠውም መርዙ ይህንኑ ቫይታሚን አንጎል ውስጥ ስለሚያሟጥጥበት ነው። ሐኪም ጋ ከተደረሰ ውሻው የዋጠውን ያህል ቢ6 በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ስለዚህ ለእንስሳት ሐኪሙ ስትደውሉ «የቲቢ ኪኒን ነው» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነፍስ ታተርፋለች። አፍሮ መደበቅ እዚህ ጋ ዋጋ አለው። ቤት ውስጥ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት መኖሩን ላለመናገር «ምን እንደበላ እንጃ» የሚል ሰው አለ፤ ሐኪሙም በጨለማ ይዳክራል። ሐኪሙ የመጣው ውሻውን ለማየት ነው፤ የቤቱን ሰው መዝገብ ለመጻፍ አይደለም።

የቀረው ነገር ቀላል ነው። ማሸጊያውን ከውሻው አፍ አውጡና አትጣሉት፤ ስሙና ሚሊግራሙ ያለው እሱ ላይ ነው። ስንት ፍሬ ነበረ፣ ስንት ቀረ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ውሻው በግምት ስንት ኪሎ ነው፤ ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው። ደውሉና ከዚያ በኋላ ሩጡ፤ ምልክት እስኪታይ «እስኪ እንየው» ብሎ መጠበቅ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ምክንያቱም ማስመለስ የሚጠቅመው ገና ምልክት ሳይጀምር፣ በመጀመሪያው ሰዓት ግድም ነው። እንዴት ማስመለስ እንዳለበት የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ጨው በጥብጦ ማጠጣት ራሱ ይመርዛል፤ ጣት ጉሮሮው ውስጥ መክተት ደግሞ ከፓስተር ጋር ያስተዋውቃችኋል። የሚንቀጠቀጥ ወይም የፈዘዘ ውሻ አፍ ውስጥ ምንም አይፈስም፤ ወተትም፣ ጸበልም፣ ውሃም። ሬዲዮኑን አጥፉ፣ ልጆቹን አርቁ፣ መጋረጃውን ዝጉ።

ወደ ሥጋው ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት የእብድ ውሻ በሽታን የሚገታው ውሾችን መግደል ሳይሆን ከመቶ 70 የሚሆኑትን መከተብ ነው ካለ ብዙ ዓመት ሆነው። ነገሩ ከሒሳብ ጋር ይያያዛል። የተገደለው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ቆሻሻ ገንዳው እስካለ ሌላ ያልተከተበ ይመጣበታል። የተከተበ ውሻ ግን ቦታውን ይዞ ይቀመጣል፤ የግቢው ቢሆንም የማንም ባይሆንም።

ሥጋ ውስጥ መድኃኒት ደብቆ ሌሊት መጣልም በራሱ ክፉ አይደለም፤ ይህን ያየሁት ባሌ ላይ ነው፣ በጽሑፍ ቢሆንም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ያልበለጠ ነው፤ አብዛኛው ባሌ ተራሮች ላይ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች ተሻግሮ ቀበሮዎቹን በብዛት ገድሏቸው ነበር። ቀበሮን እየያዙ መርፌ መውጋት አድካሚ ነው። ስለዚህ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሰዎች የሚዋጥ ክትባት ሞከሩ፤ ከቀረቡት ማታለያዎች ቀበሮዎቹ የወደዱት የፍየል ሥጋ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 የመጀመሪያው ዘመቻ ተጀመረ። ፈረስ ላይ የተቀመጡ ሰዎች በሌሊት ብርድ የቀበሮዎቹን ክልል እየዞሩ የፍየል ሥጋ ይጥላሉ፤ ሥጋው ውስጥ ክትባት የያዘች ትንሽ ከረጢት አለች። አንድ ችግር አለባት፦ ቀበሮው ሳያኝክ እንዳለች ከዋጣት አትሠራም። ከረጢቷ አፉ ውስጥ መፈንዳት አለባት፤ ፈሳሹ ጉሮሮውን መንካት አለበት።